የፋኖሱ ስንጥቅ

«እንግዲህ ሰባሪው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም» አሉ የቀበሌው ሊቀ መንበር።

ጥፋተኛው እስኪወጣ ሁሉም የሚጠየቅበት አውጫጭኝ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሙሉ ወይራው ሥር ተሰብስበዋል፤ የተሰበረው የፋኖስ ብርጭቆ መሐላቸው ጆንያ ላይ ተቀምጧል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ዘመን ከላሊበላ በላይ ባሉት መንደሮች የፋኖስ ብርጭቆ እንደ ልብ አይገኝም። መስኮት በሌለው የመማሪያ ጎጆ ውስጥ ደግሞ ያለ ፋኖስ ፊደል አይታይም።

ጥፋቱ የወደቀው ሀሰን ላይ ነው። ትናንት ከሰዓት ብርጭቆው ሲሰበር እሱ ደጅ ላይ ጠጠር ሲወረውር ታይቷል። ካላመነ ወደ ወረዳ ይላካል ተብሏል፤ ወረዳ የተላከ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

«ወላሂ ጣሳ ነበር የምመታው» አለ ሀሰን።

ከእናቷ ጋር የመጣችው ብርቅዬ አላስቻላትም። ሀሰን በመደበኛው ትምህርት ቤት የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ቀልዱ ያሰለቻል እንጂ ውሸት አይወድም። ተጠግታ ብርጭቆውን አገላበጠችው። ድንጋይ የመታው ብርጭቆ ከተመታበት ቦታ ዙሪያውን ይሰነጣጠቃል። ይህኛው ግን አንድ ረጅም ስንጥቅ ነው ያለው፤ እየተጠማዘዘ ሄዷል። በቀደም የሳይንስ መምህራቸው የጋለ ጠርሙስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያንጠባጥቡ የሆነው ልክ እንዲህ ነበር። ስንጥቁ በሚጀምርበት ቦታ ጥላሸቱ በጣት ስፋት ተጠርጓል።

ማን ይሆን ብላ ቀና ስትል ዓይኗ እናቷ አሰለች ላይ አረፈ። አሰለች የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ይዛለች፤ በጣቶቿ መሐል የጠቆረ ጨርቅ ይታያል። የእናቷ ዓይን ደክሟል፤ ሁልጊዜ ከሰው ቀድማ ክፍል የምትገባው ፋኖሱ አጠገብ ቦታ ለመያዝ ነው።

ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማ፣ ሀሰን አይደለም» አለቻት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አለች እናቷ። «ከትምህርቱ ቢያባርሩኝስ? ስሜን ልጽፍ እኮ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ሀሰንስ?»

እናቷ ቀና ብላ ሀሰንን አየችው።

ብርቅዬ ተነሥታ ስለ ስንጥቁ አስረዳች። ምንም አላስቀረችም፤ የእናቷን ስም ብቻ አልጠራችም። ፊደል የሚያስተምረው ዘማች ታፈረ ስባሪውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው።

«ልክ ናት» አለ። «ይህን የሰበረው ውሃ እንጂ ድንጋይ አይደለም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሊቀ መንበሩም አለቀቁም። «ይሁን። ታዲያ ውሃ ያስነካው ማነው?»

ብርቅዬ «እኔ ነኝ» ለማለት ቆርጣ ነበር። አፏን ስትከፍት እናቷ ቀሚሷን ያዘች።

«ቁጭ በይ ልጄ» አለችና ራሷ ተነሣች። «እኔ ነኝ ጌታው። መምህሩ ፋኖሱን አብርቶ ጠመኔ ሊያመጣ ሲወጣ ፊደሉ አልታይ አለኝ። ጥላሸቱን ካፊያ ባራሰው ነጠላዬ ጠረግሁት። ቋ ሲል ደንግጬ ዝም አልኩ። ልጁ በኔ ጥፋት አይጠየቅ።»

ሀሰን ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ሰው ሁሉ ዞሮ አሰለችን ያያታል።

ብርቅዬ ግን አልተቀመጠችም። የእናቷን እጅ ይዛ፣ ሊቀ መንበሩ የሚሉትን ለመስማት አብራት ቆመች።