ስሙ የተመታበት ብረት

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄም ዳስሼዋለሁ። ካላመናችሁኝ አልቀየማችሁም። እኔም ባላምን ደስ ባለኝ።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ። በኢንዶኔዥያ፣ ባታም ደሴት ላይ፣ መርከብ የሚሠራበት ግቢ ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር ባለችው የብረት መፈተሻ ክፍል ነበርኩ።

ጠራራ ፀሐይ ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል።

ሁለቱም ልጆቼ እዚያ ይሠራሉ። ዴስሚ የብረት ናሙና በማሽን እየጎተተች ጥንካሬውን ታሰላለች። ታናሽ ወንድሟ ሻፍኒል ደግሞ ክሬን የሚያነሳውን ጭነት በሰንሰለት ያስራል። ሥራው ጭነቱ ሥር ነው።

ጭነት ሥር...

እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ ነው ብዬ የምደነግጥ ሴት ነኝ። ዓርብ ዓርብ ምሳ ይዤላቸው የምሄደውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጄ በሕይወት መኖሩን ለማየት ነው።

ስገባ ዴስሚ የጣት ውፍረት ያላት አጭር ብረት ይዛ ትስቃለች።

«እማዬ፣ ያ ጉደኛ ልጅሽ የሠራውን እዪልኝ!»

በግቢው ደንብ ከእያንዳንዱ የብረት ዘንግ ለእሷ አንድ ቁራጭ ይመጣላታል። ጫፉ ላይ የዘንጉ ቁጥር በመዶሻ ይመታበታል። ያን ቀን ቆራጩ ስለቀረ ቁራጩን ያዘጋጀላት ሻፍኒል ነበር። ቁጥሩን መምታት ሲገባው ስሙን መትቶበታል።

ሻፍኒል።

«‹እንደ እኔ ጠንካራ ነው፣ አትችይውም› አለኝ እኮ» አለች። «ቆይ፣ ለሁለት በጥሼ ባላሳየው!»

«አትበጥሺው።»

«ኧረ እማዬ! ብረት እኮ ነው።»

«ስሙ አለበት። ተይው።»

ሳቀችብኝ። ብረቱ ላይ ሁለት ነጥቦች መታችና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ካሊፐር በሚሉት መለኪያዋ ለካች። አምሳ ሚሊ ሜትር። ብረቱ ከተጎተተ በኋላ ምን ያህል እንደተለጠጠ የምታውቀው በእነዚህ ነጥቦች ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ማሽኑን ልታዘጋጅ ዞረች።

ውጭ ሳይረኑ ጮኸ። ክሬኑ ማንሳት ጀመረ ማለት ነው።

ዴስሚ ተመልሳ፣ እንደ ልማዷ፣ ደግማ ለካች።

ካሊፐሩን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው።

እንደገና ለካች...

«ምን ሆነ?»

«አምሳ አንድ።»

«ታዲያ?»

«አልጎተትኩትማ። ማሽኑ አልበራም እማዬ።»

ካሊፐሩን በጨርቅ ጠረገችና ለካች።

አምሳ ሁለት።

ብረቱን ነካሁት። ይሞቃል... ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር።

«ይመለሳል አይደል?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ትንሽ ከተሳበ ይመለሳል። ልኩን ካለፈ ግን እንደተለጠጠ ይቀራል። ከዚያ...»

«ከዚያ?»

«አንድ ቦታ ላይ ይቀጥናል።»

«ከዚያስ ዴስሚ?»

ወረቀት ስባ ማስላት ጀመረች። የብረቱን ውፍረት ጻፈች፣ አባዛች፣ አካፈለች።

«ይህን ያህል ለመለጠጥ ከሦስት ቶን በላይ ኃይል ያስፈልገዋል» አለች። «ማነው የሚስበው?»

ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተኝቷል። ማንም አልነካውም።

ለሻፍኒል ደወልኩ። ይጠራል... ይጠራል...

«ስልኩ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል» አለች ዴስሚ። «ጭነት አየር ላይ እያለ ማንም ስልክ አይዝም።»

«ሩጪና ልጄን ከጭነቱ ሥር አውጪልኝ!»

ሮጠች።

ከብረቱ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ሁለቱን ጫፎች በመዳፎቼ ይዤ ወደ ውስጥ ገፋሁት። የሞኝ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ?

ቀስ እያለ ረዘመ። መዳፎቼን እየገፋ...

መሐሉ ላይ፣ ክር አጥብቀው እንዳሰሩበት፣ ቀጠነ።

የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረግኩ። ምንም።

ዴስሚ እያለከለከች ተመለሰች።

«ወደ ክሬኑ የሚያስገባውን በር ዘግተውታል! ጭነቱ እስኪያርፍ ማንንም አያሳልፉም። ዘበኛው ‹ምን ብዬ ላስቁም፣ እህትየዋ ብረት ተለጠጠባት ልበል?› ብሎ ሳቀብኝ።»

ሁለታችንም ብረቱን እያየን ቆምን። ሌላ የምናደርገው አልነበረም።

ሳይረኑ እንደገና ጮኸ። ጭነቱ አረፈ።

ብረቱም መርዘሙን አቆመ... አልተበጠሰም።

ብዙም ሳይቆይ ሻፍኒል ሄልሜቱን ብብቱ ሥር ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። በሕይወት! ላቡ እየተንጠባጠበ ይስቃል።

«ርቦኛል እማዬ! ምነው፣ ለቀስተኛ መሰላችሁሳ?»

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ምሳውን ላቀብለው ስል እጁን ዘረጋ።

የሸሚዙ እጅጌ ክርኑ አጠገብ ቀርቷል።

«ልብሴን በፈላ ውኃ ነው እንዴ ያጠብሽው?» አለ። «ሱሪዬም አጥሯል እኮ።»

ዴስሚ አፏን በእጇ ያዘች።

እሱ ምንም አላስተዋለም። ቆሞ ሁለት ሦስቴ ጎረሰና አፉን ጠረገ።

«በሉ፣ ሌላ የሚነሳ አለ። ልሂድ።»

«አትሄድም!»

«እማዬ፣ ልጆቹ ይስቁብኛል። ልቀቂኝ።»

«ዛሬን ብቻ። ልቤን አሞኛል ልጄ... እየሞትኩብህ ነው።»

ዋሸሁት። ግን ፊቴን አይቶ ደነገጠ። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው እንዲገባ ለጓደኛው ጮኸለት። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ቀረልኝ። አተረፍኩት ብዬ ወገቡን በሁለት እጄ አቀፍኩ፣ ፊቴን ሸሚዙ ውስጥ ቀበርኩ። አለቀስኩ።

ውጭ ሳይረኑ ጮኸ። ያለ እሱ ማንሳት ጀመሩ።

«ኧረ እማዬ፣ ቀስ!» አለ እየሳቀ። «ምነው እንዲህ አጥብቀሽ ያዝሽኝ?»

እኔ ግን አላጠበቅኩም።

ወገቡ ነው... ክንዶቼ ውስጥ እየሞቀ፣ እየቀጠነ የሄደው።