ከእህቴ ዲኮደር የሰረቅኩት ምስል

ልብስ ሰፊ ነኝ።

እኛ ልብስ ሰፊዎች ደግሞ መዋሸታችንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ነገ ይደርሳል» እንላለን፤ አይደርስም። ከዚህ ያለፈ ውሸት ግን ከእኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም። አሁን የምነግራችሁ በእኔና በእህቴ ላይ የደረሰ ነው።

ጨለማ የለበትም። ዝናብ የለበትም። የሚያላዝን ውሻም የለበትም።

ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር... ፀሐይ ግቢውን ሞልታው።

እናታችን ስትሞት አንድ ቤት ትታልን ሄደች። እኔና ታላቅ እህቴ የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ ተጣላን። «አንቺ ብዙ ወሰድሽ»፣ «አንቺ ነሽ የወሰድሽው» ስንባባል ቆየን። በመጨረሻ አናጢ ጠርተን ቤቱን መሃል ለመሃል በኮምፔርሳቶ አስከፈልነው። በዚያ በኩል እሷ፣ በዚህ በኩል እኔ።

ስድስት ዓመት!

ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላም አልተባባልንም። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ እሷ ሰማይ ታያለች፤ እኔ መሬት።

የጋራ የቀረን ነገር የቴሌቪዥን ኬብል ብቻ ነበር። በእሷ በኩል ገብቶ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ወደ እኔ ይመጣል። እሷ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥታ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ትመለሳለች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ነኝ። ቴሌቪዥኑን ባልሽ ነው ቢሉኝ አልቀየምም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ሁሉም ቻናል ጠቁሯል። መሃሉ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቻ...

«ይህ ቻናል ተቆልፏል።»

ደሜ ፈላ። የኬብል ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ከእንግዲህ ያለ ዲኮደር አይታይም» አለች።

«ቴሌቪዥኔ እኮ ደህና ነው።»

«ቴሌቪዥንሽ ደህና ነው። ምስሉ ነው የተቆለፈው።»

«እሺ፣ ዲኮደሩን ስጡኛ።»

«ይከራያል። በየወሩ። ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን።»

«እስከ ዛሬ የምከፍለውስ?»

«እሱ የኬብሉ ነው። ይሄ የዲኮደሩ።»

«ነገ ደግሞ የሪሞቱን በሉና!»

«የሪሞቱ ባትሪ በራስሽ ነው» አለችና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

እህቴ ተከራየች። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ጣሪያ ላይ አንቴና ሰቀልኩ። ሁለት ቻናል መጣልኝ፤ አንዱ ዜና ያነባል፣ ሌላው ያንኑ ዜና ይደግማል። በስልክ ሞከርኩ፤ የሞላሁትን ካርድ በሦስት ቀን ጠጣው። በመጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ ቡሎን የሚለውን ዲሽ ሰቃይ ጠራሁት። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ዙሪያውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ጋርዶሻል። እዚህ ዲሽ ብሰቅል የድስት ክዳን እንደመስቀል ነው።»

እህቴ ደግሞ ነገሩ ገብቷታል። ማታ ማታ የምወደው ድራማ ሲጀምር ድምፁን ለቀቅ ታደርገዋለች። እኔም ጆሮዬን ኮምፔርሳቶው ላይ እለጥፋለሁ። ልክ ሴትዮዋ ባሏን ልትደርስበት ስትል...

ድምፁን ታጠፋዋለች።

ከዚያ ስትስቅ እሰማለሁ።

«ካማረሽ ከፍለሽ እዪ!» ትላለች ለግድግዳው።

እንደዚያ ሰሞን ሰው ጠልቼ አላውቅም። እውነቴን ነው።

አንድ ቀን ቡሎን ሱሪ ሊያሳጥር መጣና አንገቱን ሰገግ አድርጎ አንሾካሾከ።

«እህትሽ ቴሌቪዥኗን ግድግዳ ላይ እንድሰቅልላት ጠርታኛለች።»

«እና እኔ ምን አገባኝ?»

«ዲኮደሯ ጀርባ ሌላ ቀዳዳ አለ። አንድ ገመድ ሰክቼ በግድግዳው ባሾልክልሽ... እሷ ያየችውን ታያለሽ።»

«እሷ የከፈተችውን ብቻ?»

«እሷ የከፈተችውን ብቻ። ሪሞቱ በእሷ እጅ ነው።»

ሱሪውን በነፃ ሰፋሁለት።

በማግስቱ ለእሷ ሲሰቅል ለእኔም ዘረጋልኝ። ያን ማታ ድራማውን ከነምስሉ አየሁ። እሷ ድምፁን ስታጠፋ ይጠፋብኛል፤ ግን ፊታቸውን አያለሁ፣ ይበቃኛል። ቀን ላይ እሷ ስለሌለች የቴሌቪዥኑ ማያ ጥቁር ነው። እኔ ግን ቴሌቪዥኔን ከፍቼው ነው የምሠራው፤ ልማድ ሆኖብኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ምስል መጣ።

«ረስታው ሄዳ ነው» አልኩና ደስ አለኝ።

ከዚያ ቻናሉ ተቀየረ።

እንደገና ተቀየረ። አንድ በአንድ... ወደ ላይ።

እጄ መቀሱ ላይ እንዳለ ቀረ። እህቴ ጠዋት ስትወጣ በመስኮቴ አይቻታለሁ። በሩን ቆልፋ፣ ገፋ አድርጋ አረጋግጣ፣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነው የሄደችው።

ቻናሉ ዘጠኝ መቶ ላይ ቆመ። ማያው ጠቆረ።

«ይህ ቻናል ተቆልፏል። የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ።»

0000 ተጻፈ።

«ቁጥሩ ስህተት ነው።»

0001።

«ቁጥሩ ስህተት ነው።»

0002...

እንዲህ እያለ እስከ ስድስት ሰዓት ቀጠለ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ጠፋ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ሰባት መቶ አልፏል።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ካቆመበት ቀጠለ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እንደ ቢሮ ሠራተኛ ሰዓቱን ጠብቆ ይገባል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል። አይቸኩልም፣ አይሳሳትም፣ አንድም ቁጥር አይዘልም።

ለእህቴ መንገር ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? «ምስልሽን ስሰርቅ ሌላ ሌባ አየሁ» ልበላት?

ድርጅቱ ዘንድ ደወልኩ፤ አንዲት ልጅ አነሣች።

«ዘጠኝ መቶ የሚባል ቻናል ምንድን ነው?»

«እንደዚያ የሚባል ቻናል የለንም።»

«አለ እንጂ! ይኸው እያየሁት ነው።»

የኮምፒውተሩን ቁልፍ ስትመታ ይሰማኛል።

«አንቺ... በየትኛው ዲኮደር ነው የምታዪው?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

በአምስተኛው ቀን አላስቻለኝም። ተነሥቼ ጆሮዬን ኮምፔርሳቶው ላይ ለጠፍኩ። ኮቴ የለም። ሳል የለም። የወንበር ሲጢጥታ የለም።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ።

የሪሞት ቁልፍ ሲጫን የሚሰማው ድምፅ ነው። አራት ጊዜ፣ ከዚያ ዝምታ። እንደገና አራት ጊዜ።

የገረመኝ ግን ድምፁ ከወዲያኛው ክፍል የሚመጣ አለመምሰሉ ነው። እዚሁ ነበር... ጆሮዬ ሥር።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በጣቴ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረግኩት።

ቀጭታው ቆመ።

ዞሬ ማያውን አየሁ። 31 ተጽፏል። ሁለቱ ቀሪ ቁጥሮች ባዶ ናቸው። አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ። አምስት ደቂቃ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ 31 እንዳለ ቆየ፣ ከዚያ ጠፋ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ማያው ሲመጣ 31 እዚያው ነበር። ወዲያው ከጎኑ ተጻፈ...

02።

ጣቱን አንሥቶ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ይመስል።

ከዚያ በኋላ ግድግዳውን አልነካሁም። ማሽኔን ወደ በሩ አስጠጋሁ። የደንበኞቼን ልብስ እያበላሸሁ ነበር፤ የአንዷን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁባት። «ቴሌቪዥኑን ለምን አታጠፊውም?» ትሉኝ ይሆናል። ግን ካጠፋሁት የት እንደደረሰ በምን አውቃለሁ?

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ 7418።

«ቁጥሩ ስህተት ነው» የሚለውን ጠበቅኩ።

አልመጣም።

«እናመሰግናለን» አለ። ከዚያ ሁሉም ጠፋ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ በር ሲከፈት ሰማሁ።

የእህቴ ክፍል ያለው በር አንድ ብቻ ነው። ከማሽኔ ፊት ለፊት በመስኮት ይታየኛል። ያን ጊዜም እያየሁት ነበር። እንደተቆለፈ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። የሰማሁት ግን የበር ማጠፊያ ነው። ቀስ ብሎ እያቃሰተ... እስከ መጨረሻው ተከፈተ።

ሲዘጋ አልሰማሁም።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከዚያ አልተነሣሁም። እህቴ መጥታ ቁልፏን ስታወጣ በሩ ላይ ቆምኩባት።

«እትዬ... አትግቢ።»

ይህን ቃል ከስድስት ዓመት በፊት ነበር የረሳሁት።

«ደግሞ በሬን ልትወስጂ ነው?» አለች።

«ውስጥ ሰው አለ።»

«ማን?»

«አላውቅም። ቀን ቀን ዲኮደርሽን የሚከፍት ሰው አለ።»

ዓይኗን አጠበበች። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

እዚህ ላይ አለቀልኝ። ገመዱን ነገርኳት፣ ቡሎንን ነገርኳት፣ ሁሉንም።

«ሌባ!» ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። «እናታችን እባብ ነው አሳድጋ የሞተችው!»

«ስደቢኝ። ብቻ አትግቢ።»

«ገብቶኛል የአንቺ ነገር። አስፈራርተሽ አስለቅቀሽኝ ቤቱን ልትሸጪው ነው!»

«እናታችንን የበላ አፈር ይብላኝ!»

«ይብላሽ! ውሸታም!» ቦርሳዋን ከፍታ እጇን ከተተች። «ለመዋሸት እንኳ አትበቂም። ይኸው! ሪሞቱን እኔ ነኝ ሁልጊዜ ይዤው የምሄደው፤ አንቺን ስለማላምን! ያለዚህ ማን ሊከፍተው...»

አልጨረሰችውም።

ሪሞቱን እንደያዘች ቆመች። የራሷን ቃል የሰማች መሰለኝ። ፊቷ ቀስ በቀስ አመድ ሆነ።

«...እኔ ምንም ቻናል አልቆለፍኩም» አለች በሹክሹክታ።

እጄን ያዘች። አብረን ከፍተን ገባን።

አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው። መስኮቱ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ማንም የለም። ዲኮደሩን ነካሁት... አሁን የተነሣ ካውያ ነው የሚመስለው፤ ጣቴን አቃጠለኝ። ክፍሉ ውስጥ ትናንት የተሰነጠቀ እንጨት ይሸታል።

ያን ዕለት እዚያ አላደርንም። አክስታችን ቤት ሄድን። ስድስት ዓመት ያልተነጋገሩ እህትማማቾች አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተኝተን ነጋልን።

አሁን ሌላ ቦታ ነው የምንኖረው፤ በአንድ ክፍል፣ መጋረጃ እንኳ በሌለው። አሁንም እንጣላለን። ቴሌቪዥን የለንም። ያን ቤት ከመልቀቃችን በፊት ያየነውን ግን ልንገራችሁ...

ቡሎንን ይዘነው ተመለስን፤ ረፋድ ላይ። «ያንን ገመድህን ከግድግዳዬ አውጣልኝ» ብላ እህቴ ጮኸችበት። እሱም አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በእሷ በኩል ቆሞ ሳበው። አልመጣም። እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሳበው። አልመጣም። ሦስተኛ ጊዜ ሲስበው በአንዴ መጣና ወደ ኋላ ተንገዳገደ።

የገመዱን ጫፍ እያገላበጠ አየ።

«ምነው?» አልኩት። «ተላቀቀ አይደል?»

«አልተላቀቀም» አለ ቡሎን። «ለቀቀልኝ።»

እህቴ ሄዳ መዶሻ አመጣችና ሰጠችው።

ኮምፔርሳቶው በቋሚ እንጨቶቹ ላይ በዚህም በዚያም የተመታ ነበር፤ መሃሉ ባዶ ነው። ቡሎን የእሷን ወገን ሲገነጥለው ክፍተቱ ታየ። ስፋቱ አራት ጣት ነው። ድመት እንኳ ዞራ አትወጣበትም።

ውስጡ ምንም አልነበረም።

በሁለቱም ኮምፔርሳቶ የውስጥ ፊት ላይ፣ በሰው ትከሻ ቁመት፣ እጅ ሲደገፍበት እንደኖረ በር ያብለጨለጨ ቦታ አለ።

ቡሎን ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። ከዚያ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ዕቃውን እንኳ ሳይሰበስብ፣ ወጥቶ ሄደ።

እኔና እህቴ ጎንበስ አልን።

ሲሚንቶው ላይ፣ በጣቱ ጫፍ እንደቆመ ሰው፣ ሁለት የእግር ቅርጾች ሰርጉደዋል። ብዙ ዘመን እንደተረገጠ ደረጃ ተበልተው፣ ለስልሰው።

የአንደኛው ጣቶች ወደ እሷ ክፍል ዞረዋል።

የሌላኛው ወደ እኔ።