የቴሌቪዥን ወንድሟ

ሎሬታ ፕሩዊት የገዛ ወንድሟን ወደደች ተብሎ አገር ሲንጫጫ፣ እኔ የሠርግ ቀሚሷን ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ሠርጉ የእውነት አልነበረም፤ ወንድሙም የእውነት ወንድም አልነበረም። የእውነት የነበረው ፍቅሩ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ከማንም በፊት ያየሁት እኔ ኦፓል ቲግ ነኝ። መርፌ የያዘች ሴት ፊት ማንም አይጠነቀቅም።

«ሃርግሮቮች» የሚለውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ያኔ ያላየ አሜሪካዊ ነበር ቢሉኝ አላምንም። አንድ አባት ልጆቹን በሠረገላ ጭኖ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፣ ባዶ ሜዳ ላይ ጎጆ ይቀልሳል፣ ያርሳል፣ ከበረዶና ከአንበጣ ጋር ይታገላል። ሎሬታ የመጨረሻዋን ልጅ ፊቢን ትጫወታለች። ዌንደል ካርስተን ደግሞ ታላቅ ወንድሟን ኤሞስን። እኔ ሁሉንም አለብሳለሁ። ሜዳው ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ የከብት እርባታ ነው፤ ጎጆውም የኋላ ግድግዳ የለውም፣ ካሜራው የሚገባው በዚያ በኩል ነዋ።

ዌንደል ተዋናይ አልነበረም። ዋዮሚንግ ውስጥ ፈረስ ላይ ያደገ ልጅ ነው፤ የቀጠሩት በአራት ፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ሳይገለብጥ መንዳት ስለሚችል ነበር። ሥራ የጀመረ ዕለት አጥር ሲዘል ሱሪውን ቀዶ መጣ። እኔ እየሰፋሁለት፣ እሱ ከልብስ መስቀያው ጀርባ ብርድ ልብስ አገልድሞ ቆሞ ሳለ ሎሬታ የልብስ ድንኳኔ ውስጥ ዘው አለች።

«ሚስስ ቲግ፣ ኮፍያዬን…» ብላ ጀመረችና ዓይኗ ባዶ እግሩ ላይ አረፈ። «ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ወንድምሽ ነኝ» አላት፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«ወንድሜ ሱሪ የለውም እንዴ?»

«አባታችን ድሃ ነው፤ ያለን አንድ ሱሪ ነው። ዛሬ ተራው ያንቺ መስሎኝ!»

ሎሬታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዝም ብሎ ያያታል። ሳቋን ስትጨርስ ቀና አለች፣ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፣ ኮፍያዋንም ረስታ ወጣች። ያን ዓይነት አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሟቹ ባሌም አንድ ጊዜ እንደዚያ አይቶኝ ነበር። «አለቀልህ፣ ልጄ» አልኩ በሆዴ።

ከዚያ በኋላ ካሜራ ፊት እህትና ወንድም፣ ከካሜራ ውጭ ደግሞ ሁለት የሚተፋፈሩ ልጆች ሆኑ። ምሳ ሰዓት ከባቄላው ወጥ የሥጋውን ቁራጭ እየለቀመ ሳህኗ ላይ ያስቀምጥላታል። እሷ የእኔን መርፌ ሰርቃ የሸሚዙን አዝራር ትተክልለታለች፤ ያውም አጣማ! ማታ ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ። ትንፍሽ አላልኩም።

ጣጣው የመጣው በፎቶ ነው። አንድ ምግብ ቤት በር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ አንዱ አነሳቸውና መጽሔት ላይ ወጡ። ጉድ ፈላ! ዳቦ ልገዛ ብሄድ ባለሱቁ አፋጠጠኝ።

«እህትና ወንድም እንዲህ ይሆናሉ?»

«እህትና ወንድም አይደሉም እኮ፤ ደመወዝተኞች ናቸው» አልኩት።

«ቢሆንም ነውር ነው» አለና ዳቦውን ወረወረልኝ።

የባለሱቁስ ይቅር። የሎሬታ እናት ከካንሳስ ስልክ ደወለች። ሎሬታ አነጋግራት ስትመለስ የልብስ ክምር ላይ ተደፋች።

«እርግፍ አድርገሽ ተዪው አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ መጠቋቆሚያ አድርጎኛል፣ ቤተ ክርስቲያን አንገቴን ደፍቼ ነው የምገባው አለች።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«እወደዋለሁ አልኳት። ዘጋችብኝ።» እንባዋን በፊቢ ሽርጥ ጠረገች። «አባቴ ሲሞት ዶሮ አርብታ፣ እንቁላል ሸጣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷ ያልመረቀችው ትዳር ውስጥ አልገባም፣ ሚስስ ቲግ። አልችልም። እሱንም መተው አልችልም። እንግዲህ ምን ይሻለኛል?»

ዌንደል ግን ሲሰማ ምንም አልደነገጠም። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና «ትምጣ» አለ።

«ማን ትምጣ?»

«እናትሽ። መጥታ ትየኝ። እሷ የምታውቀው ኤሞስን ነው፤ እኔ ደግሞ ከኤሞስ እሻላለሁ።»

«በምኑ ነው የምትሻለው?» አልኩት እኔ።

«እሱ አያገባትም፤ እኔ አገባታለሁ።»

እንዲህ ያለ ደረቅ ነው። ራሱ ደወለላት፣ ራሱ ባቡር ጣቢያ ሄዶ ተቀበላት። ሚስስ ኤልዳ ፕሩዊት አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ባርኔጣዋን ለጦርነት የደፋች የምትመስል ሴት ናት። የልብስ ድንኳኔ ገብታ ከእግሩ እስከ ራሱ ቃኘችው።

«ኤሞስ አንተ ነህ?»

«ኤሞስ እንጀራዬ ነው፤ ስሜ ዌንደል ነው፣ ሚስስ ፕሩዊት።»

«ባለፈው በዚያ በረዶ ላይ ካፖርትህን አውልቀህ ለእህትህ ስታለብሳት ስቅስቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

«አመሰግናለሁ።»

«አታመስግነኝ! እዚህ ያመጣኝ ያው ካፖርት ነው!» ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገችው፣ የመርፌ ቆርቆሮዬ ተገለበጠ። «ስማኝ። እኔ አላበድኩም፤ ወንድሟ አለመሆንህን አውቃለሁ። ጎረቤቶቼስ? እኔ ቤት ተሰብስበው፣ የእኔን ኬክ እየበሉ፣ አንተን ወንድሟ ብለው አልቅሰውልሃል። ለእነሱ ምን ልበል?»

«እነሱንም አነጋግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን እርስዎን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅዎን እወዳታለሁ። እርስዎ እሺ ካላሉ እሷ አታገባኝም፤ እኔም በጉልበት አልወስዳትም። እሺ እስኪሉኝ ድረስ፣ ለቀረጻ ካልሆነ በቀር እጇን አልነካም። ቃሌ ነው።»

«እንግዲያው እጅህን ኪስህ ውስጥ አኑረው» አለችና ወደ ልጇ ዞረች። «ነገ ባቡር አለኝ። ከመሄዴ በፊት እንደምትተዪው ንገሪኝ። አለበለዚያ ለሠርግሽ አትጥሪኝ።»

የሎሬታ ፊት ነጭ ጨርቅ መሰለ። እናቲቱም ያን ፊት ላለማየት ባርኔጣዋን ማስተካከል ጀመረች።

በማግሥቱ የሚቀረጸው የፊቢ ሠርግ ነበር። የድርሰቱ ጸሐፊዎች ፊቢን ለጎረቤት ገበሬ ሊድሯት ወስነዋል። አባትየው በድራማው ከፈረስ ወድቆ ተኝቷል፤ ስለዚህ እጇን ይዞ ለሙሽራው የሚያስረክበው ታላቅ ወንድሟ ነው። አይ የሰው ልጅ ዕጣ! ዌንደል የሚወዳትን ልጅ በገዛ እጁ ለሌላ ሰው ሊሰጥ፣ ያውም ደስ ብሎት ፈገግ እያለ!

ሚስስ ፕሩዊትን አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ዳይሬክተሩ ሚስተር ሃልቨርሰን መጥቶ «እመቤቴ፣ እባክዎ ትንፍሽ እንዳይሉ» አላት።

«ሠላሳ ዓመት በመዘምራን መሃል ቆሜያለሁ፤ ጸጥታ መጠበቅ አውቃለሁ» አለችው።

ቀረጻ ተጀመረ። ዌንደል ሎሬታን ክንዱ ላይ አስደግፎ ለድራማው በሳንቃ በተሠራችው ቤተ ጸሎት መሃል መጣ። እኔ የሰፋሁት ቀሚስ ወለሉን እየጠረገ ይከተላታል። ደረሱ፤ እጇን ከክንዱ ላይ አነሳና ሙሽራው እጅ ላይ ሊያኖረው ሲል የሙሽራው ሰው ሠራሽ ጢም ተላቆ ወደቀ።

«ካት!» ብሎ ቀረጻውን አስቆመ ሃልቨርሰን፣ እየተበሳጨ።

ያኔ ነው ያየሁት። «ካት» ሲባል ዌንደል እጇን ወዲያው ለቀቀና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ እጆቹንም ኪሱ ውስጥ ከተተ። የሎሬታ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጢሙ እስኪለጠፍ ድረስ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ከጎኔ ሚስስ ፕሩዊት ማራገቢያዋን ማወዛወዝ አቆመች።

እንደገና ጀመሩ። እንደገና ጢሙ። እንደገና ዌንደል እጁን ኪሱ ውስጥ። ሎሬታ በዚህ ጊዜ እንባዋ መጣባትና ፊቷን አዞረች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለችኝ እናቲቱ በሹክሹክታ።

«ትናንት ቃል ገብቶልሽ የለም? አንቺ እሺ እስክትይ ነው» አልኳት። ትንሽ ጨከን ብዬ ነው የነገርኳት፣ አልዋሽም።

ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

በመጨረሻ ጢሙ ጸና። ዌንደል እጇን ሰጠ፤ ፈገግ አለ፤ እንዲያ ያለ ፈገግታ ከማይ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሎሬታ ወደ ሙሽራው ሳይሆን ወደ እሱ ታያለች። ቄሱን የሚጫወተው ሽማግሌው ሚስተር ፊኒ መጽሐፉን ገለጠና በዚያ ወፍራም ድምፁ «ይህን ጋብቻ የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር!» አለ።

«እኔ አለሁ!»

ወንበር ተገለበጠ። ሚስስ ፕሩዊት መሃል ወለሉ ላይ ቆማለች። ካሜራው እየቀረጸ ነው፣ ሁሉም ሰው ደርቋል። ሚስተር ፊኒ ዓይኑም ትውስታውም ደክሞበታልና ድርሰቱ ውስጥ ያለ መስሎት «ምክንያትሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አላት፣ ረጋ ብሎ።

«አትወደውም! ይሄን ባለ ጢም ሰውዬ አትወደውም! ዓይን የላችሁም? ልጄ የምትወደው ያንን ነው!» ጣቷን ዌንደል ላይ ቀሰረች። «ወንድሟን!»

ሚስተር ፊኒ መጽሐፉን ከደነ።

ቃሏ ለራሷ ጆሮ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። መጀመሪያ የሳቀው ካሜራማኑ ነው፤ ቀጥሎ ሙሽራው፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው። ሃልቨርሰን እንኳ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳቅ አመለጠው። ሚስስ ፕሩዊት ግን ከሳቁ መሃል እንባዋ ይወርዳል። ሎሬታ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ጠርዙ ሲቀደድ ሰማሁት፣ ይቀደድ አልኩ።

«ይቅር በይኝ» ትላታለች እናቷ። «ሰው ምን ይላል እያልኩ፣ አንቺ ምን እንደምትይ ሳልሰማ…»

ዌንደል ከቆመበት አልተነቃነቀም። እጆቹ አሁንም ኪሱ ውስጥ ናቸው።

«ሚስስ ፕሩዊት፣ አሁን ልያዛት?» አለ።

«ያዛት እንጂ! ምን ይገትርሃል?»

ያዛታ! ብርሃን የሚይዙት፣ ፈረስ የሚጠብቁት፣ ሁላችንም አጨበጨብን። እናቲቱን ወደ ወጥ ቤቱ ድንኳን ወስደን ሎሚ ጭማቂ አጠጣናት። ቀረጻው ከሰዓት በኋላ እሷ በሌለችበት አለቀ። ፊቢም ለባለ ጢሙ ተዳረች፤ እሱ የድራማው ጉዳይ ነው።

ሎሬታና ዌንደል የተጋቡት በመከር፣ ካንሳስ፣ ኤልም ክሪክ በምትባለው መንደር፣ ሚስስ ፕሩዊት በምትዘምርባት ቤተ ክርስቲያን ነው። «እዚሁ፣ ሁሉም ፊት ይሁን» ያለችው እሷ ናት። ቀሚሱን እኔ ሰፋሁት፤ ይሄኛው የኋላ ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ የሚለበስ ነውና ጀርባውን ጭምር አሳምሬ። ከሥርዓቱ በኋላ ግቢው ውስጥ ኬክ ሲቆረስ፣ አንዲት ጎረቤት ሳህኗን እንደያዘች ጠጋ አለች። በዚያ የካፖርቱ ትዕይንት ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት አሉ።

«ኤልዳ፣ አትቀየሚኝ» አለቻት ሰው እንዲሰማ አድርጋ። «መቼም ይሄ ልጅ ወንድሟ ነው።»

ሁሉም ዞሮ አየ። ሎሬታ የዌንደልን ክንድ አጥብቃ ስትይዝ አየሁ። ሚስስ ፕሩዊት ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ ጣቷን በፎጣ ጠረገችና ሄዳ የዌንደልን ሌላኛውን ክንድ ያዘች።

«የእሷን እንጃ» አለች። «ለእኔ ግን ልጄ ነው።»