«ጸድቷል»

ወገኖቼ፣ በቸልታ የተጻፈች አንዲት ቃል ምን ልታፈርስ እንደምትችል ከእኔ ስሙ።

በ2004 ዓ.ም. አምቦ ውስጥ በአንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ እሠራ ነበር። ኢንጂነር ቀንዓ ገና ያልተሠራ ሕንፃ በኮምፒውተር እውነተኛ አስመስሎ ይሥልና በቦታው ፎቶ ላይ ያሳርፈዋል። የእኔ ሥራ ከሕንፃው ኋላ የሚታየውን፣ ዳራውን፣ ቆርጦ ማውጣት ነው።

«ይሄ ጎጆ ምን ይሠራል እዚህ?» አለኝ አንድ ቀን። «አጽዳው። ደንበኛው የሚያየው ሕንፃ ነው፣ የሰው ጭቃ ቤት አይደለም።»

«ሰው የሚኖርበት ይመስላል፣ ኢንጂነር።»

«ሕልምህን ቤትህ አልመህ ና።»

አጸዳሁት። እንደ ልማዳችንም ከሥዕሉ ግርጌ «ጸድቷል» ብዬ ጻፍኩ። በእኛ ቢሮ ዳራው ወጥቷል ማለት ነው። ሥዕሉ ግን እንዳለ ለግንባታ ፈቃድ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። እዚያ ያነበቡት ሰዎች ነዋሪው ተነሥቶ መሬቱ የጸዳ መሰላቸው። ዶዘር ገባ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አዴ ወርቅቱ የሚባሉ አሮጊት ቢሮ መጡ። ጊንጪ የወለደች ልጃቸውን ሲያርሱ ከርመው ቢመለሱ ቤታቸው የለም።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቤቱስ ይቅር» አሉኝ። «ባሌን፣ ኦቦ ዲንሳን፣ ፈልግልኝ። ያኔ ጴንጤ መቃብር ሲከለከል ጓሮ ነው የቀበርነው። አሁን ድንጋዩ የለም። የቱ አፈር ሥር እንዳለ አላውቅም።»

ፎቶዎቻችን በሺህ ይቆጠራሉ፤ ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው። ደግነቱ፣ መስመር ሲሣልለት የሚመስለውን ፎቶ ፈልጎ የሚያመጣ ፕሮግራም ነበረን። እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። የዘመመ ጣሪያ፣ አንድ ጽድ፣ ከጽዱ ሥር ድንጋይ ሣሉ። እኔ በማውስ ገለበጥኩት።

መጀመሪያ የሌሎች ሰዎች ቤቶች መጡ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ሁሉንም ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።

ስድስተኛው የእሳቸው ነበር። በሩ ላይ፣ ስቆርጥ ልብ ያላልኳቸው፣ እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ እኔ ያያሉ።

«እኔንም አጥፍተኸኝ ነበር?»

«አዎ፣ አዴ።»

ቀንዓ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

ቦታው ላይ ቤትም ጽድም አልቀረም። ከፎቶው ጋር የሚመሳሰለው ከሩቅ የሚታየው የተራራው ጫፍ ብቻ ነበር። ቆርጬ የጣልኩት ያ ዳራ መራን። ፎቶውን ከተራራው ጋር እያስተያየን ድንጋዩ ወደነበረበት ስንደርስ፣ ለሦስተኛው ምሶሶ የሚቆፈር ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆምን። ቆፋሪው እስከ ጉልበቱ ገብቷል።

«ውጣ» አለው ቀንዓ ቀስ ብሎ። «ምሶሶው ይዛወራል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አዴ ወርቅቱ አፈሩ ላይ ተቀመጡ። አፈሩን በእጃቸው ዳሰው ቀና አሉ።

«ኢልማ ኮ፣ ስታጸዳ መጀመሪያ ቆሻሻውን ለይ።»

ወገኖቼ፣ ለዓይን ያልተመቸ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ዛሬም ነጭ ወረቀት ፊት ስቀመጥ፣ አዴ ወርቅቱ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ያዩኛል። ያንን ቃል ትቼዋለሁ። ሥዕል ባወጣሁ ቁጥር ያልተነካውን ፎቶ አያይዤ፣ ከግርጌው እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ከኋላው ሰው አለ።»