እንስራ፣ ድገም

«እንስራ» ብለው ስም ያወጡልኝ የኔታ ገብረየሱስ ናቸው። ጥቅምት 1994 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በአርባ ተማሪ ፊት።

ዜማው ጠፋብኝ። ጆሮዬን ይዘው ጎተቱኝና «ይሄ የሚሰማ ጆሮ አይደለም፤ የእንስራ ጆሮ ነው፣ መያዣ ብቻ!» አሉ።

ልጆቹ ተንከተከቱ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሳምንቱ ትምህርቱን ጥዬ ጠፋሁ።

ስሜ እሸቴ ነው።

ቂመኛ በሉኝ፣ ግድ የለኝም። ከዚህ በታች ያለው ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ደብረ ታቦር፣ የኔታ ቤት።

እሳቸው ከሞቱ ሠላሳ ዘጠኝ ቀናቸው።

ዛሬ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ባለቤታቸው እትዬ ውዴ ሰው ጠቁሟቸው አስጠሩኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቁም።

«ልጄ፣ ድምፃቸው ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። ነገ አርባቸው ነው፣ ላሰማ ብዬ... እየጠፋ ይነሳል፣ እየጠፋ ይነሳል።»

«በፍላሽ ልገልብጥልዎት።»

መገልበጥ ጀመርኩ። ሊያልቅ ሲል... ጠፋ። ራሱ ተነሳ።

አቧራውን አራገፍኩ። ራሙን ነቅዬ በላጲስ ፈተግኩት። ፓወሩን በሌላ ቀየርኩ።

ያው እዚያው ቦታ ላይ... ጠፋ።

ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እየገለበጥኩ ከፈትኩት።

የኔታ አንዲት መስመር አዜሙ። ከዚያ ዝም አሉ። ለተማሪ የተቀዳ ነው፣ ተማሪው እንዲከተል።

እኔ መገልበጡን አያለሁ።

«ድገም!»

ጠፋ። ተነሳ። እንደገና ከፈትኩት። ያችው መስመር። ያው ዝምታ።

«ድገም አልኩህ!»

እትዬ ውዴ ክንዴን ያዙኝ።

«እንዲህ የሚል የለውም...» አሉ በሹክሹክታ። «መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

ገመዱን ከግድግዳውም ከማሽኑም ነቀልኩት። ፋኑ ቆመ። ቤቱ ጭር አለ።

...

ፋኑ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።

ስክሪኑ በራ። የመገልበጫው መስመር ሊሞላ ጥፍር ታህል ቀርቶታል። እዚያው ቆሟል... የሚጠብቅ ይመስላል።

«እንስራ...» አሉ የኔታ። ቁጣ የለበትም። ደክሟቸዋል። «እንስራ፣ ድገም።»

እትዬ ውዴ ፊቴን አዩ።

«እንስራ ማነው?»

ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ።

«ልጄ... አንተን ነው እንዴ? መስመሯን የምታውቃት ከሆነ በልላቸው! ድምፃቸውን አታስቀርብኝ፣ በሞቴ!»

አውቃታለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ብቻዬን ስሆን ብያታለሁ። አንድም ቀን ስቻት አላውቅም።

ለእሳቸው ግን? በጠሩኝ ስም?

ተነሳሁ። ወጣሁ።

ግቢው መሃል ስደርስ ከኋላዬ አንድ ልጅ መስመሯን አነሳት። ቀጥ አድርጎ፣ ሳይስት።

ድምፁን አወቅሁት። የኔ ነው። የያኔው።

ከዚያ የኔታ፣ ለእኔ ብለውት የማያውቁትን...

«ጎሽ።»

አልዞርኩም። ፍጥነቴን ጨምሬ ከአጥሩ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ነው እጄን ያየሁት።

የኮምፒውተሩ ገመድ፣ ሁለቱም ጫፉ፣ እጄ ላይ ነበር።