አመድ የጫነው መኪና

የጭነት መኪናው ከስኳር ፋብሪካው በር ሲወጣ ሰማዩ አጉረመረመ። ኢንጂነሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ደመናውን አየ።

«ጋሼ፣ ሊዘንብ ነው።»

«አታሟርትብን!» አለ መሪውን የያዘው አጎቱ።

የጫኑት ፋብሪካው የሚጥለውን የምድጃ አመድና ከብየዳ ጋዝ ፋብሪካ የተረፈ ኖራ ነበር። ሁለቱ ሲደባለቁ ውሃ ሲነካው የሚያብጠውን ጥቁር ሸክላ አፈር ያጠነክራሉ። ኢንጂነሩ ባሕር ማዶ በተማረበት ላቦራቶሪ አጠንክረዋል፤ ሜዳ ላይ ግን ሞክሮት አያውቅም። ከሜዳው ማዶ ያለው የመንገድ ጽሕፈት ቤት አመዱን ሊሞክር ለዛሬ ቀጥሮታል። እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰ መንገዱን የሚሠራው በጠጠር ልሥራው የሚለው ተፎካካሪው፣ ባለ ጠጠሩ ነው።

ዝናቡ ሜዳው መሃል ደረሰባቸው። ጎማዎቹ ጭቃ ለብሰው ተድበለበሉ፤ እየወረዱ በአካፋ ፋቁ፣ ገፉ፣ ተንሸራተው ወደቁ። ጥቂት እንደ ሄዱ አንድ ጎሽ ከቁጥቋጦው ወጥቶ መንገዱን ዘጋ። አጎቱ ጥሩምባውን ቢጫነው እንደ ጉንፋናም ሰው ሲር አለ። ጎሹ መሬቱን ጫረ። ኢንጂነሩ ጭነቱ ላይ ዘሎ ወጣና ሸራውን ገልጦ አንድ አካፋ ደረቅ አመድ በነፋሱ ለቀቀው። ጎሹ አነጠሰ። ደገመ። ሦስተኛውን እያነጠሰ ወደ ጫካው ፈረጠጠ።

«ይህንንም ዲግሪህ ላይ ያስጽፉልህ!» አጎቱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ሳቁ ግን ረግረጉ ጋ ሲደርሱ ቆመ። የባለ ጠጠሩ መኪና ብቸኛዋን መንገድ ዘግቶ እስከ ሆዱ ሰምጧል። ባለቤቱ ጣሪያው ላይ ቁጭ ብሏል።

«አመድ ሻጩ መጣ! እንግዲህ እኔም አልደርስ፣ አንተም አታልፍ!»

አጎቱ ወደ ጭነቱ አየ። «አፍስሰው።»

«ጋሼ! ለሙከራው ተመዝኖ የመጣ እኮ ነው። ባዶ እጄን ልቅረብ?»

«እዚህ ካላጠነከረ እዚያ ያጠነክራል?»

ኢንጂነሩን ከባሕር ማዶ ከተመለሰ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ ይኸው ነበር። ሸሚዙን አውልቆ ወረደ።

ቦይ ቀደው የረግረጉን ውሃ አፈሰሱ። ሦስት አካፋ አመድ፣ አንድ አካፋ ኖራ እየጣሉ ከሰመጠው መኪና ጎን ያለውን ጭቃ ገለባበጡት። ባለ ጠጠሩ ትንሽ ሲያሾፍ ቆየና የራሱን አካፋ ይዞ ወረደ። ኢንጂነሩ ባነሳ ቁጥር አፈሩ ከአካፋው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ድንገት አንዱ አካፋ ሙሉ አፈር ፍርፍር ብሎ ወደቀ። አካፋው ንጹህ ነበር!

«ጋሼ፣ ለቀቀ!»

አጎቱ በባዶው መኪና ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ አፈሩን ጠቀጠቀው። ከዚያ በጎን አልፈው የባለ ጠጠሩን መኪና በገመድ ጎትተው አወጡት።

ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቢሮዋን እየቆለፈች ነበር።

«አረፈድክ። አመዱስ የታለ?»

«መንገዱ ላይ ነው።»

«አንተስ ከነጠጠርህ በዚህ ጭቃ እንዴት አለፍክ?» አለች ወደ ባለ ጠጠሩ ዞራ።

ሰውየው አንገቱን አከከ። «በእሱ አመድ ላይ።»

ኃላፊዋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ረግረጉ ጋ በመኪናዋ ሁለቴ ተመላለሰችበት፤ ወርዳም በተረከዟ ደጋግማ ረገጠችው።

«ነገ ስንት መኪና ታመጣለህ?»

ኢንጂነሩ ሊመልስ ሲል ሰማዩ እንደገና አጉረመረመ።

«ሊዘንብ ነው መሰለኝ» አለ አጎቱ።

«ይዝነብ!» አለ ኢንጂነሩ፣ ቀና ብሎም ሳያይ።