ባለጠርሙሱና የወንዙ ዳር

ሰፈሩ «ባለጠርሙሱ» ይለዋል። በየሳምንቱ ከአንድ የምርምር ተቋም እየመጣ፣ የአንዲት ወጣት አባት ከሚያርሱት የጎመን ማሳ በላይና በታች የወንዙን ውሃ ለምርመራ በጠርሙስ ይቀዳል። ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው ዕለት አዳልጦት እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጠርሙሱን ግን ሽቅብ ይዞታል።

«ራስህን ትተህ ጠርሙሱን?» አለችው እየሳቀች።

«እኔ እታጠባለሁ። ይሄ ከተደፋ ግን የሳምንት ልፋቴ ገደል ገባ።»

ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን የምትይዝለት እሷ ሆነች። ክዳኑን ለመክደን የሚፈጅበት ጊዜም፣ ምን ልበላችሁ፣ በየሳምንቱ እየረዘመ ሄደ። ወደደችው፤ እሱም እንደወደዳት ነገራት።

የውሃው ምርመራ ውጤት ሲወጣ ግን ነገሩ ከበደ። ዝናብ ከማሳው የሚያጥበው ማዳበሪያና ከግቢያቸው የሚወርደው እጣቢ ወንዙን በክለውታል፤ ታች ያሉት ሰዎች ደግሞ ያንኑ ይጠጣሉ። መፍትሔው የወንዙን ዳር ሳያርሱ ለሣር መተው ነው፤ ሣሩ ቆሻሻውን አጣርቶ ያስቀራል። ያ ዳር የአባቷ ምርጥ አፈር ነው።

«አባትሽን ሁለት ነገር ልለምናቸው ነው» ብሏት መጣ፤ ያለ ጠርሙስ፣ ኮት ለብሶ። እሷ ከጓዳው በር ኋላ ቆመች።

አባቷ እስኪጨርስ ሰሙት። «ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉት። «ወይ መሬቴን፣ ወይ ልጄን። ምረጥ።»

«ልጅዎን» እንዲል በልቧ ለመነች።

ዓይኑን ወደ ጓዳው በር ወረወረ። «ዳሩን ይተዉልኝ፣ አባባ» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ታች ያሉት ሕፃናት ሌላ ውሃ የላቸውም።»

በሣር ተለወጠች። እንባዋ መጣ፤ ተናደደችም። ግን ለእሷ ብሎ የሰው ልጅ ውሃ የሚረሳ ሰው፣ ነገ ለሌላ ነገር ብሎ እሷንም መርሳቱ አይቀርም። እንባዋን ጠረገች።

«አፍህና ልብህ አንድ ነው» አሉ አባቷ። «ዳሩን ወስደሃል። ልጄን ግን ራስህ ትተሃታል።»

በሩን ገፍታ ገባች። «አባዬ፣ መሬቱ ያንተ ነው፤ ሰጠኸው። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?»

አባቷ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ባለጠርሙሱ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ልጠይቅሽ?»

«ጠይቀኝ። እንደ ጠርሙሱ ክዳን ግን እንዳታንዛዛው።»

አላንዛዛውም። ዝናቡ ሲገባ በወንዙ ዳር ሣሩን ሁለቱ ዘሩ፤ ጠርሙሱን አባቷ ያዙላቸው።